ሃላ የታጠበች ዕለት

ሃላ በሞተች በሦስተኛው ቀን ካይሳ እውነቱን ለአባቷ ልትነግረው ሄደች። አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሦስቱንም ቀን ታውቀው ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጥር ነው። የአባቷ ቢጫ ውሻ ሃላ ፀጉሯ ይረግፍ፣ አፍንጫዋና ጆሮዋ ቅርፊት ያወጣ ጀመር፤ ውላ የምታድረውም ምድጃው ሥር ሆነ። ካይሳ ትምህርቷን ስኮትላንድ ጨርሳ ወደ ተወለደችበት የሐይቅ ዳር ከተማ ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ የውሻ ቆዳ በሽታና ታይሮይድ የሚባለውን የአንገት ዕጢ ታጠናለች። መመለሷ ደግ ይሁን ክፉ ገና አልለየላትም። አባቷ አርቮ ካንጋስ፣ ጡረታ የወጣ የመዳብ ቆፋሪ፣ ባያት ቁጥር ይተርባታል። “ስኮትላንድ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው መላጣ ውሻ ማየት ነው? እኔም መላጣ ነኝ፤ ማንም አላጠናኝም” ይላታል።

የሃላን ደም መረመረች። የዕጢው ሆርሞን ቁጥር ዝቅ ብሏል። ለጥናቷ በልክ የተሰፋ ውጤት ስለሆነ ደስ አላት። ሌላ ከባድ ሕመም ሁሉ ያንን ቁጥር ዝቅ ሊያደርገው እንደሚችል ግን ለሌሎች የምታስተምረው ራሷ ናት።

ለማረጋገጫ ከቆዳዋ ናሙና ልትወስድ አባቷን ለሰኞ ቀጠረችው። “አታጥባት” ማለት ረሳች። ከአርቮ ቤት ደግሞ ቆሽሾ ሐኪም ፊት የቀረበ የለም። ቅዳሜ ሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱን፣ አነደደ፤ ሃላን የታችኛው ሳንቃ ላይ አስተኛትና ቅርፊቷን በለብታ ውኃ እያራሰ፣ አንድ በአንድ በጣቱ አነሳላት። ሰኞ ይዟት ሲመጣ “ሙሽራ አስመስዬ አመጣሁልሽ” አላት።

በሽታው የሚታየው እዚያው ቅርፊት ውስጥ ነበር። የላቦራቶሪው መልስ አጭር ነው፤ ቅርፊት ስለሌለው ምንም ማለት አይቻልም፣ ሌላ ናሙና ይወሰድ። ካይሳ አልወሰደችም። ቁጥሩ በእጇ ነው። የታይሮይድ ኪኒን አስጀመረቻት።

አምስት ሳምንት አለፈ። የሃላ መዳፍ ተሰነጣጠቀ፤ የረገጠችው በረዶ ደም ይነካው ጀመር። ሁለተኛው ናሙና የተወሰደው ያኔ ነው። ሰውነቷ የገዛ ቆዳዋን እንደ ጠላት እየተዋጋ ኖሯል። በጊዜ ቢደረስበት መድኃኒት ነበረው፤ አሁን ግን ቁስሉ አመርቅዞ ደሟን መርዞታል። ካይሳ በገዛ እጇ በመርፌ አሳረፈቻት።

አባቷ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መጀመሪያውኑ ለምን አልታወቀም? “ቅርፊቱ ታጥቦ ስለነበር ነው” አለችው። ውሸት አይደለም። እዚያው ላይ አቆመች።

አሁን አርቮ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል። ጎረቤት ያመጣችለት የዓሣ ሾርባ ቀዝቅዞ ስብ ለብሷል። ሃላ ከተቀበረች ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰ ጎረቤቲቱ በር ላይ ነግራታለች። እጆቹን ገልብጦ ያያቸዋል።

ካይሳ ሳትቀመጥ ተናገረች። እንዳያጥባት መንገር የእሷ ሥራ እንደነበረ፣ ድገሚ ተብላ እንዳልደገመች፣ አምስቱን ሳምንት የበላው የእሷ ቁጥር እንደሆነ፣ ሁሉንም ነገረችው።

“መቼ ነው ያወቅሽው?” አላት።

“የሞተች ዕለት።”

“ስንቀብራት ታውቂያለሽ።”

“አዎ።”

“መሬቱ በረዶ ሆኖ አልቆፈር ብሎኝ፣ እሳት አንድጄበት፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኬ ይቅር በይኝ ስላት አጠገቤ ነበርሽ።”

“ነበርኩ፣ አባዬ።”

አልጮኸባትም። ቢጮህብኝ ብላ ጠበቀች።

“መሳሳቱንስ ማን የማይሳሳት አለ” አለ ቀስ ብሎ። “እኔ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ስንት ተሳስቻለሁ። ግን ሰው ሲወድቅብን ያንኑ ዕለት እንናገር ነበር።”

ከዚያ ሾርባውን ወደ ራሱ ሳበና መብላት ጀመረ። ሳያሞቀው፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ማንኪያ በማንኪያ በላ። እህል በመቅመሱ ደስ ቢላት በወደደች። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሳህኑ እስኪነጣ በላ፤ አንድ ጊዜም ብዪ አላላትም።