በወንድሜ ላይ የበቀለው ኮክ

ሰው ፔሪዎችን፣ እነዚያን የተራራ መናፍስት፣ ሲያመሰግን ዝም እላለሁ። አክብሬያቸው አይደለም፤ ሰው ላለማስቀየም ነው። በኛ ሸለቆ የእነሱ ውለታ የሌለበት ቤት የለም። የአንዱን ጎጆ ናዳ ሊወስድበት ሲል በእጃቸው አቁመውለታል፤ የሌላዋን መካንነት በአንድ ቃል ሽረውላታል። የሚኖሩት ከግጦሹ በላይ፣ ከዘላለሙ በረዶ ግርጌ ነው። ሠርግ ሲኖር ወርደው ከኛ ጋር ይጨፍራሉ፣ ወተታችንን ይጠጣሉ። አያረጁም፣ አይታመሙም፣ አይሞቱም። ክፉዎችም አይደሉም። ክፉዎች ቢሆኑ እናቴ ጠልታቸው ይወጣላት ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ዲዳር ልጅ ሳለ አንዲት የተራራ ፍየል በረዶ ስንጥቅ ውስጥ ወድቃ አገኘ። የተራራ ፍየሎች ሁሉ የፔሪዎቹ ከብቶች ናቸው፤ ይህቺ ደግሞ ዙልፋን የሚባለው ፔሪ ፍየል ነበረች። ክረምቱ ጨክኖብን፣ ቤታችን ሥጋ የሚባል ነገር ከቀመሰ ሰንብቷል። ዲዳር ግን አውጥቶ፣ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ለባለቤቷ መለሳት። ዙልፋን ደስ አለው። እደጃችን ድረስ ወርዶ መንደሩ ሁሉ እየሰማ፣ "ይህን ልጅ ክፉ ቀን ሲገጥመው ጥሩኝ፤ አድነዋለሁ" አለ። የፔሪ ቃል ደግሞ አይታጠፍም።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ዘይቡን ለዲዳር መስጋት ተወች። ገደል አፋፍ ላይ ሲሮጥ እያየች ሱፏን ትፈትላለች። ጎረቤት "ኧረ ልጁ፣ ኧረ ልጁ" ሲላት፣ "የኔው ዋስ አለው፤ ለራሳችሁ ልጆች ጩኹ" ትላለች። እኔና ታናሽ ወንድሜ ታይጉን ዋስ አልነበረንምና በእኛ ላይ ስትጮህ ትውላለች።

ዲዳር ጎልምሶ ሚስት ሊታጭለት ሲታሰብ፣ የመስኖውን ቦይ ሊጠግን ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ከላይ የተንከባለለ ድንጋይ ደረቱን መታው። በቃሬዛ ሲያመጡት ደም ይተፋ ነበር። እናቴ ቅቤ በጨርቅ ቋጠረችና ወደ በረዶው ገሰገሰች፤ እኔም ተከተልኳት።

ዙልፋን ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ከአጥንት ዋሽንት ይቀርጻል።

"ጌታዬ፣ ክፉው ቀን መጣ" አለችው። "ዲዳር እየሞተብኝ ነው። ይውረዱልኝ።"

"ዲዳር፣ ፍየሌን ያወጣልኝ" አለ፤ ፊቱ በራ። "እንዴታ፣ እመጣለሁ። ይህቺን ዋሽንት ልጨርስና።"

"አሁን ነው፣ ጌታዬ። ትንፋሹ እያጠረ ነው።"

"ቃሌን ሰጥቼሽ የለ? ምን ያስቸኩልሻል?"

እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው። ራሷን በፍቅር ዳበሰና ወደ ዋሽንቱ ተመለሰ። በዚያች ዳበሳ ብቻ የዓመታት የጉልበት ሕመሟ ለቀቃት፤ ቁልቁለቱን ስንወርድ እንደ ኮረዳ ትራመድ ነበር። ዛሬም ድረስ ያ ጉልበቷ አልታመመም። እሷ ግን ከሁሉ አብልጣ የምትረግመው ይህንኑ ነው።

ዲዳር ዓይኑን ከበሩ ላይ ሳይነቅል ጠበቀ።

"መጣ እንዴ፣ እማ?"

"መንገድ ላይ ነው፣ ልጄ።"

ዓርብ ጠዋት መጠየቁን ተወ።

በኛ ዘንድ የሟች ካባ አይጣልም፤ ታናሹ ይለብሰዋል። ታይጉን የዲዳርን የሱፍ ካባ ሲለብስ እጅጌው ጣቶቹን ይሸፍናቸው ነበር። ካባው ልክክ ያለለት በሁለተኛው ዓመት ነው። ዙልፋን የመጣውም ያኔ ነው፤ ዋሽንቱን እየነፋ፣ መንደሩን በሙሉ አስከትሎ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ታይጉን ደጅ ላይ እንጨት ይፈልጥ ነበር።

"ይኸው ድኗል" አለ ዙልፋን እየሳቀ። "አላልኩሽም?"

"ይህ ታይጉን ነው፣ ጌታዬ። ዲዳር ሞቷል።"

"ካባው የእሱ፣ ፊቱ የእሱ፣ ድምፁ የእሱ።"

"ወንድሙ ስለሆነ ነዋ።"

"እናንተ ሁልጊዜ ሞተ፣ ሞተ ትላላችሁ" አለ ዙልፋን፤ ሲናገር ንቀት የለበትም፣ ቢኖርበት ይሻል ነበር። "እኔ ግን በተመለስኩ ቁጥር ቤቱ ሙሉ ነው።"

እናቴ እጁን ያዘችው። የፔሪ እጅ አይያዝም፤ ሕዝቡ አጉረመረመ። እሷ ግን እየጎተተች ወደ መቃብሩ ወሰደችው። እስከዚያ ድረስ "እርስዎ" ስትለው ኖራ፣ እዚያ ስትደርስ "አንተ" አለችው።

"እዚህ ነው ያለው። እየው። አንተን ሲጠብቅ ነው የሞተው። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ሞቷል በለኝ።"

ዙልፋን አፈሩን ትኩር ብሎ አየው። ከልቡ ሊገባው የሞከረ ይመስለኛል። ከዚያ ፊቱ እንደገና በራ።

"ዘርታችሁት ነዋ" አለ። "ታዲያ ለምን እስካሁን አልበቀለም?"

ጎንበስ ብሎ መሬቱን ዳበሰ። ቆመን እያየን አፈሩ ተሰነጠቀና የኮክ ዛፍ ወጣ፤ አበበ፣ አፈራ። ሕዝቡ ተንበረከከ። ዙልፋን እናቴን ግንባሯን ስሞ፣ "ይኸው፣ ቃሌን ጠበቅሁ" ብሎ ዋሽንቱን እየነፋ ወጣ።

ያ ዛፍ ክረምት ከበጋ ያፈራል። በረዶ ቅርንጫፉን ሸፍኖት እንኳ ፍሬው ትኩስ ነው። ከታችኛው ሸለቆ ሳይቀር ሰው ይጎርፋል፤ ሳል ያለበት ይድናል፣ እንቅልፍ ያጣ ይተኛል። እናቶች ልጆቻቸውን እያቀፉ እኛን "የታደላችሁ" ይሉናል። አንዷ የኮክ ፍሬ አፏን ሞልታ እያላመጠች፣ "ምነው የኔም ልጅ እንዲህ ቢሆንልኝ" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እናቴ ዛፉን በመጥረቢያ ጣለችው። ጠዋት ቆሞ ተገኘ። ደግማ ጣለችው፤ ደግሞ ቆመ። በመጨረሻ የመንደሩ ሹም ጉልበዝ ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣና መጥረቢያውን ከእጇ ወሰደ።

"አንቺ ዘይቡን፣ በረከት አይረገጥም። ሀዘን ሲበዛ ክህደት ይሆናል።"

"የእርስዎ ልጅ ደህና ነው?" አለችው።

"እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነው።"

"እንግዲያው እሱን ይብሉልዎ።"

ጉልበዝ መጥረቢያውን ይዞ ሄደ።

በአዝመራው ሰሞን መንደሩ ሁሉ ማሳ ላይ ሲውል እናቴ ዶማ አንስታ ጠራችኝ።

"ሚህርናዝ፣ ነይ። ወንድምሽን እናውጣው።"

"የት ልንወስደው?"

"እሱ የማያገኘው ቦታ።"

ተራ በተራ ቆፈርን። አፈሩ ለስላሳ ነበር፤ ብዙም ሳንደክም ደረስን። የዲዳርን ከፈን አላገኘንም። ሥሮቹ ነበሩ። ቀጭን፣ ነጭ፣ ብዙ ሥሮች፤ ደረቱ በነበረበት በኩል ተጠላልፈው እንደ ቅርጫት ሆነዋል። በውስጣቸው ያለው አጥንት የቱ እንደሆነ፣ ሥሩ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እናቴ አንዱን በዶማ ቆረጠችው። ቁስሉ እያየነው ገጠመ። ሌላ ቆረጠች፤ ገጠመ። የቻለችውን ያህል ቆረጠች። ከዚያ ዶማው ከእጇ ወደቀ።

"በቃሽ፣ እማ" አልኳት። "አይለቀውም።"

እግሯን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዳ አፋፉ ላይ ተቀመጠች። ታች ማሳው ውስጥ ሰዎች ይዘፍናሉ። ዛፉ ከበቀለ ጀምሮ እናቴ ፍሬውን በጣቷ ነክታው አታውቅም ነበር፤ እኛም እንዳንነካው አስምላን ነበር።

"አገር ምድሩ በላው" አለች። "እኔ ብቻ ቀረሁ።"

እጇን ዘርግታ አንድ ፍሬ ቀጠፈች። በቀሚሷ ጠርጋ ገመጠችው። አላመጠች፣ አላመጠች፤ መዋጥ ግን አቃታት። ጭማቂው በአገጯ ወረደ።

"ውሸታቸውን አይደለም" አለችኝ። "ይጣፍጣል።"

ሌላ ቀጠፈች።