የእግዜር ጎረቤት

መጋረጃው ታጥቦ መኮማተሩን እናት ያየችው እንግዳዋ ከተቀመጡ በኋላ ነበር።

ጠዋት ስትተኩሰውና ስትሰቅለው ልብ አላለችም። አሁን ግን ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል፤ በዚያች ስንዝር የሁለት ትልልቅ ጫማዎች አፍንጫ ወጥቶ ይታያል። ሲሚንቶ የጠጣ፣ ጫፉ ላይ ብረት የተቀበረበት ጫማ ነው። ለሚያየው ሰው አንድ ጎረምሳ ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሹን ውጦ የቆመ ይመስላል።

እናት ደነገጠች። የልጇን ሄልሜት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ አንጸባራቂ ሰደርያዋን ፍራሽ ሥር ደብቃ ነበር። ጫማዎቹን ያስታወሰቻቸው በሩ ሲንኳኳ ነው፤ በጥድፊያ በእግሯ ወደ መጋረጃው ጀርባ ገፋቻቸው። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት የሚኖሩት እሷና ልጇ ብቻ ናቸው። የልጇን ጋብቻ ያመጣችውና አሁን አጠገቧ የተቀመጠችው ታላቅ እህቷም ለእንግዳዋ፣ ለሚያገባት ልጅ እናት፣ ደጋግማ ነግራቸዋለች፤ "ጨዋ ቤት ነው፣ ወንድ ደጁን አይረግጠውም። ልጅቷ ደግሞ የሕንፃ ድርጅት ቢሮ ትሠራለች" ብላ።

የልጁ እናት ሻያቸውን አነሡና ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት።

"ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እዚያ የቆመ ሰው አለ?"

"ኧረ ምን ሰው!" እናት ተነሥታ ተቀመጠች። "የወንድሜ ጫማ ነው። አልፎ አልፎ እየመጣ ያድራል።"

"ወንድም አላችሁ እንዴ?" እንግዳዋ ወደ ታላቅየዋ ዞሩ።

ታላቅ እህት ብስኩቱ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። "አለን… ማለቴ… ነበረን። ነፍሱን ይማረው።"

"የሞተ ሰው ነው እየመጣ የሚያድረው?"

ጥግ ተቀምጣ የነበረችውን ልጅ ሳቅ አመለጣት። ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠችው።

"የእኔ ናቸው፣ እማማ። ክሬን ነው የምነዳው፤ ያንን።" በመስኮቱ አሳየቻቸው። ከጣሪያዎቹ ሁሉ በላይ አንድ ቢጫ ክንድ ሰማዩ ላይ ተዘርግቷል። "ልጅዎ ያውቃል። ለእርስዎ መንገር ፈርቶ ነው።"

እንግዳዋ መስኮቱን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፤ በመጨረሻ ዓይናቸውን እናት ላይ ተከሉ። "መቼስ ልጅነት ነው። ከሠርጉ በፊት ግን ትተወዋለች፣ አይደለም? ሰው ምራትሽ የት ናት ሲለኝ ሰማይ ላይ ናት ልበል?"

"ትተወዋለች!" አለች እናት፣ እሳት እንደነካው ሰው። "ዛሬ ነገ እያለች ነው እንጂ…"

"አልተወውም፣ እማ።"

ልጅቷ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። የከሰዓት ተራዋ ደርሶ ስለነበር ሄልሜቷን ከቁም ሳጥን፣ ሰደርያዋን ከፍራሽ ሥር አወጣች፤ የእናቷን መደበቂያ ሁሉ ታውቀዋለች። ጫማዋን አሰረች፣ እንግዳዋን እጅ ነሥታ ወጣች።

እንግዳዋም ብዙ አልቆዩም። "እስከ ማታ ቁርጡን ንገሩኝ" ብለው ሄዱ።

"ማታ እደውላለሁ" አለች ታላቅ እህት በሩ ላይ። "ትተወዋለች የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነው የምፈልገው። ይሄ ካመለጠ ልጅሽ ከነክሬኗ ቆማ ትቀራለች!"

እናት ብቻዋን ስትቀር መቀመጥ አልቻለችም። ልጇ ይህን ሥራ ከያዘች ጀምሮ ወደዚያ ሕንፃ ቀና ብላ አይታ አታውቅም፤ ገበያ እንኳ ስትሄድ በሌላ መንገድ ትዞራለች። አምቡላንስ ሲጮህ ልጇን የጫነ ይመስላታል። የማታውቀው ቁጥር ከደወለ "ምን ሆነች?" ትላለች ከሰላምታ በፊት። ዛሬ ግን ሻርፗን አንገቷ ላይ ጥላ ወጣች። እጇን ይዛ፣ ካስፈለገም እግሯ ላይ ወድቃ ልታስተዋት ነው።

የግንባታው አጥር በር ላይ አንድ ሽማግሌ ጥበቃ አገኘች።

"ልጄን ፈልጌ ነው። ክሬን ላይ ያለችውን።"

ጥበቃው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "የእግዜር ጎረቤት እናት ነሽ?"

"የማን?"

"እኛ እንደዚያ ነው የምንላት። ከሁላችን ቅርብ እሷ ስለሆነች አማልጅን እንላታለን።"

"ይጥሩልኝ። ትውረድ።"

"አሁን? መስታወት ልታነሣ እኮ ነው! አሁን የሕንፃው ባለቤት ቢመጣም አያወርዳትም። ባለፈው ራሱ መጥቶ 'አንሺ!' ብሎ ጮኸ፤ ፎርማኑም ጮኸ። እሷ በሬዲዮ 'ነፋስ አለ' አለች፤ በቃ። ሰደቧት፣ እናባርርሻለን አሏት። ወይ ፍንክች!"

"አባረሯት?"

"ወዲያው ነፋሱ የአጥሩን ቆርቆሮ ገንጥሎ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ማን አፍ አለው? ይልቅ ዝም በይ፤ መስታወቱ ተነሣ።"

እናት አንገቷን ቀና አደረገች።

መጀመሪያ የታያት ብረት ብቻ ነው፤ ብረት በብረት ላይ ወጥቶ፣ ወጥቶ፣ ዓይን እስኪደክም። ከላይ የክብሪት ሳጥን የምታህል ክፍል ተንጠልጥላለች። ልጄ እዚያ ውስጥ ናት? የበሩን ብረት ያዘች። ከዚያ መስታወቱ ወጣ። ግድግዳ የሚያህል መስታወት፣ ቀስ ብሎ፣ መንገዱንም ጣሪያዎቹንም በላዩ እያሳየ ወጣ። ጣሪያዎቹን ሲያልፍ ደመናው ገባበት፤ ቁራጭ ሰማይ ተነሥቶ በሰማዩ መሐል የሚሄድ መሰለ። መዶሻው ሁሉ ቆመ። ያ ሁሉ ወንድ አፉን ዘግቶ ወደ ላይ ያያል።

የሕንፃው ጫፍ ላይ ሁለት ሠራተኞች እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። መስታወቱ መጣላቸው፤ ሳይወዛወዝ፣ የተኛ ሕፃን ከእቅፍ ወደ አልጋ እንደሚወርድ ሆኖ ጣታቸው ላይ አረፈ።

እናት የበሩን ብረት ለቀቀች። ልጇን ከትንሽነቷ ጀምሮ "እጀ ሰባራ" ነበር የምትላት፤ ብርጭቆ ስለማይበረክትላት። ያ እጅ ነው ይሄ? "አምላኬ!" አለች። ይህን ቃል በየቀኑ ትለዋለች፤ ሳትፈራ ስትለው ግን የመጀመሪያዋ መሆን አለበት።

"አሁን ልጥራልሽ?" አሉ ጥበቃው።

"ይተዉአት። ሥራ ላይ ናት።"

ማታ ልጅቷ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ሳለ ስልኩ ጮኸ፤ እናት አነሣችው።

"እህስ? ትተወዋለች ልበላቸው?"

ጋብቻው ሲፈርስ፣ ሰው ሲስቅባቸው፣ ልጇ ፀጉሯ ሸብቶ እዚህ ወንበር ላይ ብቻዋን ስትቀመጥ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታያት።

"አትተወውም፣ እትዬ።"

"ምን አልሽ?"

"ልጁ ከነሥራዋ ከወደዳት ይምጣ። እናቱም ምራትሽ የት ናት ከተባሉ፣ ቀና ብለው ያሳዩ።"

"አብደሻል! ነገ ስታለቅሺ እኔ የለሁበትም።"

"አለቅሳለሁ። ማልቀስ መች አቅቶኝ ያውቃል?"

ስልኩ ጆሮዋ ላይ ተዘጋ። ልጅቷ ጫማዋን እንደያዘች ታያታለች።

"እማ… ሻርፕሽን ከላይ አይቼው ነበር። ዓይኔ ነው ብዬ ተውኩት።"

"መስታወት ተሸክመሽ ቁልቁል እኔን ታያለሽ! ሥራሽን አታዪም?"

"ካስቀመጥኩ በኋላ ነው።" ልጅቷ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። እናት ጫማዎቹን ከእጇ ተቀብላ በሩ አጠገብ፣ ለሁሉም በሚታይ ቦታ ጎን ለጎን አቆመቻቸው። ድንገት አንድ ነገር አስጨነቃት።

"ክሬኑንስ ቆለፍሽው?"

"ክሬን ማታ አይቆለፍም፣ እማ። ክንዱ ይለቀቃል፤ ነፋስ ሲመጣ አብሮ ይዞራል። ታስሮ ካደረ ነው የሚወድቀው።"

እናት ይህን እያሰላሰለች ወደ በሩ ሄደች። በየማታው ቆልፋ፣ ከአልጋ ተነሥታ ደግማ የምትነካካው በር ነው። ዛሬ መጀመሪያ ከፈተችው። ከጣሪያዎቹ በላይ አንዲት ቀይ መብራት ጨለማው ውስጥ ቀስ ብላ ትዞራለች። መዞሯን እስክትጨርስ አየቻት፤ ከዚያ በሩን ገፍታ አንዴ ቆለፈችው።