ጉንፋን የማይደግማት ብርቅነሽ

ብርቅነሽ የውኃውን ሙቀት በክርኗ ለክታ ሕፃኑን ልታነሣ ስታጎነብስ ጉሮሮዋን ከረከራት። ቀና ብላ ምራቋን ዋጠች። አመማት።

ሙሰዓብ ከተወለደ ገና አሥራ አምስት ቀኑ ነው። ከተማውን ጉንፋን ስለያዘው፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ባለው በዚህ ቤት ሁሉም አፍንጫውን ሸፍኖ ከሩቅ ነው የሚያየው። ያለ ማስክ አቅፋ የምታጥበው፣ ገላውን በሰሊጥ ዘይት የምታሸው ሠራተኛዋ ብርቅነሽ ብቻ ናት። ይህን ሥልጣን የሰጠችው ራሷ ለራሷ ነው። ባለፈው ወር ሼክ ኑር ሰፈር ባለችው ክፍሏ ጉንፋን ሳምንት ሙሉ አስተኝቷት፣ አገግማ ስትመለስ፣ "እኔ ተገላግያለሁ። አንዴ የያዘውን ሰው በዚያው ዓመት አይደግመውም። መፍራት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ" አለች። አነጋገሯ ሐኪም ያስንቅ ስለነበር ማንም አልተከራከራትም።

ይህ አዋጅ የጎዳው የአራሷን የሱሀይላን ታናሽ እህት ፈርዶውሳን ነው። እህቷን ልታርስ ከድሬዳዋ ድረስ ብትመጣም፣ ብርቅነሽ "አንቺን ገና አልያዘሽም፣ ራቅ በይ" እያለች ሕፃኑን አላስነካ ብላታለች።

አሁን ብርቅነሽን ወገቧም እንደ ባለፈው ወር ሲቆረጥማት፣ ጉንፋኑ እንደገና እንደያዛት ገባት። አፈረች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ብትናገር ግን ፈርዶውሳ ሕፃኑን በማጠብ እጇን ታፍታታለች፤ ከዚያ በኋላ ብርቅነሽን ማን ይፈልጋታል?

ሙሰዓብ እግሮቹን አወራጨ። ብርቅነሽ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሸሸችና ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ሳበች።

"ፈርዶውሳ፣ እጅሽን ታጠቢና ነይ እጠቢው።"

"እኔ? ራቂ ስትይኝ አልነበር እንዴ የከረምሽው፣ አቦ?"

"ተሳስቼ ነው። ደግሞ ይዞኛል።"

ሱሀይላ ከአልጋዋ ቀና አለች። "አይደግምም አላልሽም ነበር፣ ብርቄ?"

"ብያለሁ። አምኜበት ነው ያልኩት። ትናንት አቅፌው ነው የዋልኩት፤ ካተኮሰው ወይ ጡት እንቢ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዱት።"

ሱሀይላ የልጇን ግንባር ዳሰሰች። "አልሐምዱሊላህ፣ አላተኮሰውም። ሂጂና ተኚ፣ ሲሻልሽ ትመጫለሽ።"

ብርቅነሽ ‹ትመጫለሽ› መባሏን ማመን ከበዳት። ግቢው ውስጥ ጫማዋን ስታጠልቅ የሕፃኑ ጩኸት ተሰማት። በክፍቱ መስኮት ስታይ፣ ፈርዶውሳ ሕፃኑን ውኃው ውስጥ ልታስገባው ትታገላለች። ብርቅነሽ፣ ሕፃኑ በእሷ እጅ ሲሆን ዝም ብሎ የሚታጠብበትን ዘዴ ለማንም ነግራ አታውቅም። እዚህ ቤት የምትፈለገው በዚያ ዘዴ ነው።

"ፈርዶውሳ" አለች ከቆመችበት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "መጀመሪያ እጆቹን ደረቱ ላይ ሰብስበሽ በስስ ጨርቅ ጠቅልዪው። ከዚያ ከነጨርቁ፣ ከእግሩ ጀምረሽ አስገቢው። አትቸኩዪ፣ እስክትጨርሺ እዚሁ ነኝ።"