በእሳቱ ጫፍ በኩል

ኢስሃቅ የፕላስቲክ ማጣሪያ ከሰካበት ሲጋራ የሳበውን ጭስ ነጭ መሐረብ ላይ እፍ አለና ጨርቁን ለደንበኛው ለገብረዝጊ ዘረጋለት። "አየህ ሓወይ፣ ወንድሜ? ንጹሕ! መርዙን ሁሉ ማጣሪያው ውጦታል።"

ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለችው ሱቁ በስተጀርባ፣ በመጋረጃ በተከለለችው ክፍል ውስጥ፣ ሚስቱ ሐቢባ ትናንት ያጨሰበትን ማጣሪያ በክብሪት እንጨት ትጎረጉራለች። አዲሶቹ ለሽያጭ ናቸው፤ የራሱን እያጠበች እንድትመልስለት አዟታል። ከዚያች ሚጢጢ ፕላስቲክ የሚወጣው ነገር ጥቁር ቡኒ ነው፣ እንደ ሙጫ ያጣብቃል። ጣቷን በሳሙና ብትፈትገው ሽታው አይለቃትም፤ ቆሎ ስትቆረጥም እንኳ አፏ ውስጥ ይመጣባታል።

ድሮ ይህ ሰው ቢያንስ እፍረት ነበረው። ልጃቸው ረምላ አስም እንዳለባት ሐኪም ከነገራቸው ጀምሮ፣ ሲጋራ ሲያምረው ዱካውን፣ ያቺን አጭር መቀመጫ፣ ይዞ መንገዱን ይሻገርና ግድግዳ ሥር ይቀመጥ ነበር። የዱባይ ዕቃ ከሚያመጣ ሰው ማጣሪያዎቹን ከተረከበ ወዲህ ግን "አሁንማ ጭሱ ታጥቧል" እያለ ከልጅቷ ፍራሽ አጠገብ ተጎልቶ ያቦነዋል። ደረቷ ሲር ሲር ሲል "ብርድ ነው" ይላል። ሰው ራሱን እንዲህ ሲያታልል ማየት ያስጠላል።

"የኔዋ አራስ ናት" አለ የታክሲ ሹፌሩ ገብረዝጊ። "ውጭ ውጣ እያለች ነፍሴን አወጣችው። በዚህ ከሆነስ ሕፃኑ አጠገብም ማጨስ ይቻላል ማለት ነው?"

"ምን ችግር አለው! ሐቢባ! እስቲ ነይ ንገሪው፤ ረምላ አጠገብ አይደል እንዴ የማጨሰው?"

ሐቢባ ረምላን አዝላ ወጣች። አዎ ብላ ዝም ብትል ዕቃው ይሸጣል፣ የዚህም ሰው ሕፃን ደረቱ ሲር ይል ይሆናል። ዓይኗ ባንኮኒው ላይ አረፈ። ሲጋራው ማጣሪያው እንደተሰካበት መተርኮሻው ላይ ተጋድሟል። ማንም ሳይስበው፣ ከእሳቱ ጫፍ ጭሱ እየተንቦለቦለ ይወጣል።

መሐረቡን ከባሏ እጅ ወስዳ ከእሳቱ በላይ ዘረጋችው።

"ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?"

"ቆይ፣ ጠብቅ።"

ጨርቁ መሃል ላይ ቢጫ ነጥብ ወጣ። እየሰፋ ሄዶ ቡኒ ሆነ፤ ሽታው ያው ጣቷ ላይ ያለው ነው።

"ይኸ በማጣሪያው አላለፈም" አለች። "አንተ የተጣራውን ትስባለህ፣ ልጄ ይኸንን። ገብረዝጊ ወንድሜ፣ እውነቱን ነው፣ አጠገቧ ነው የሚያጨሰው። ጠጋ በልና ደረቷን አዳምጥ።"

ገብረዝጊ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ቀና ሲል ሊገዛው የያዘውን አዲስ ማጣሪያ ባንኮኒው ላይ መለሰው። "የቐንየለይ ሓፍተይ" ብሎ እህቱን እንደሚያመሰግን አመስግኗት ወጣ።

"ገበያዬን ዘጋሽው! ወላሂ ሰው ፊት አዋረድሽኝ!"

ሐቢባ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ዱካውን ከፍራሹ አጠገብ አንስታ መንገዱን ተሻገረችና ድሮ ከሚቀመጥበት ግድግዳ ሥር አኖረችው። አጥባ ያልጨረሰችውን የትናንቱን ማጣሪያም ላዩ ላይ አስቀመጠችለት።