ጨነቅ ላይ የቆመው ያሕያ

«ኧረ አነስ፣ ጌሙ ደግሞ ደረቀ!» አለች ሳጂዳ ስልኳን እየነቀነቀች። «ዳባት ያሉት ልጆች ሰልችቷቸው እየወጡ ነው።»

አነስ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የስልክ ጥገና ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጧል። ከጓደኛው ከያሕያ ጋር የሠሩት የስሜን ተራራ ጌም፣ ብዙ ሰው በየስልኩ ገብቶ አብሮ የሚጫወትበት፣ ሰው በበዛ ቁጥር እየተንቀራፈፈ አላስጫውት ብሏል። አነስ ኔትወርኩን ሲራገም ከረመ። የኔትወርኩማ ነገር የታወቀ ነው፤ ደመና ባየ ቁጥር ይጠፋል። ዛሬ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ተገኘ። ምነው ባልተገኘ!

ያሕያ ነው። ባለፈው ክረምት ከአዲ አርቃይ ሲመለስ ሊማሊሞ ላይ መኪና ተገልብጦ የሞተው ያሕያ፣ የሳጂዳ ታላቅ ወንድም። በራሱ መልክ የሠራው ሰው ግን ጌሙ ውስጥ እስካሁን ጨነቅ በተባለው የተራራው አፋፍ ላይ፣ ተጫዋቹ ሁሉ በሚገባበት፣ ቆሟል። ማንም ሲመጣ ዞር ብሎ እጁን ያነሳል። «ሰው እንዴት ሰላም ሳይባል ይታለፋል?» ብሎ ለእያንዳንዱ እንግዳ ደጋግሞ እጁን እንዲያነሳ አድርጎ ሠርቶት ነበር። እጁ በተነሳ ቁጥር ታዲያ ወሬው ለሁሉም ስልክ ይላካል። ሰው ሲበዛ ሰላምታው ብቻ መንገዱን ይዘጋዋል። የእኛ አገር ልጅ ካልሆነ ማን እንዲህ ያለ ስህተት ይሠራል?

«አውጣው ታዲያ» አለች ሳጂዳ። ያለችው ነገር ራሷን አስደነገጣት።

«እናትሽስ?»

እናቷ እትዬ ረህማ ዳባት ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ። ከሐዘኑ ወዲህ ደባርቅ በመጡ ቁጥር እዚህ ሱቅ ጎራ ይላሉ። ልጃቸው እጁን ሲያነሳላቸው አይተው፣ እንባቸውን ጠርገው ይሄዳሉ። ዛሬም መጡ። አነስ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጣቸውና ጌሙ ውስጥ ወደ አፋፉ አቀረባቸው። ያሕያ አልተንቀሳቀሰም። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ እጁ ተነቃነቀ።

«ዛሬስ ዘገየብኝ» አሉ። «ምን አስቀይሜው ነው?»

አነስ መዋሸት አልሆነለትም። «እትዬ፣ ሰው በዝቶበት ነው። ለመጣው ሁሉ እጁን እያነሳ ከቀጠለ ጌሙ መሞቱ ነው። የማይንቀሳቀስ ነገር ግን፣ እንደ ተራራው ድንጋይ፣ አንዴ ከተላከ በቃው። እሱንም እንደዚያ ባደርገው ጌሙ ይተርፋል። እጁን ግን ከእንግዲህ አያነሳልዎትም።»

እትዬ ረህማ የሻርፓቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ።

«ይሄ ሁሉ የልጄ ልፋት ነው አይደል?»

«የእሱ ነው። ሌት ተቀን የለፋበት።»

«እንግዲያው ሰው አያስቸግር። በሕይወቱም ሰው አስቸግሮ አያውቅ።» ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ሳብ አደረጉ። «አንዴ ብቻ ደግመህ አቅርበኝ።»

አቀረባቸው። የያሕያ እጅ እየቆመ፣ ደግሞ እየተነሳ፣ በስንት መከራ ከትከሻው በላይ ወጣ።

«እዚህ ላይ!» አሉ የአነስን ክንድ ጨብጠው። «አታውርደው። ለመጣው ሁሉ እንደተነሳ ይቆይ።»

አነስ ቁልፉን ተጫነ።

«ኧረ ፈጠነ! ተስተካከለ እኮ!» የሚል የዳባት ልጆች ጩኸት ከሳጂዳ ስልክ ተሰማ። እትዬ ረህማ አልሰሙም። ቀኝ እጃቸውን ወደ ልጃቸው አንስተዋል፤ እሱ ስላላወረደ እሳቸውም ማውረዱ ከበዳቸው።