ቤት እንዲመታ የመጣ ሳህን

"ያንን ሳህን እንዳትነኪው!"

እትዬ ጸዳለ ከበረንዳው ላይ ሲጮሁ የኖላዊት እጅ አየር ላይ ቀረ። እናቷ ከሃለኮ ቅጠል ጋር ቀቅላ የላከችላቸውን የበቆሎ ድብልብል፣ ኩርኩፋውን፣ ልትገለብጥበት ነበር።

"ምነው እትዬ? አልታጠበም እንዴ?"

"የመምህሩ ነው። ለብቻው ነው የማስቀምጠው።"

"የቲቸር አለምሰገድ? ለምን?"

እትዬ ጸዳለ አገጫቸውን ወደ መንገዱ ቀሰሩ። "አንቺ ትጠይቂኛለሽ? ራስሽ ጽፈሽ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ የለም?"

እውነት ነው፣ ለጥፋለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰችው ገና ሰኔ ላይ ቢሆንም ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ሥዕልና ግጥም ከተባለ የሚጠሩት እሷን ነው። ከላይኛው ከተማ ከሴቻ የመጣው ኃላፊ ካሳ "ሕዝቡ ስለ ኤድስ እንዲጠነቀቅ የሚያስደነግጥ ነገር ሥሪልኝ" ሲላት አጽም ሳለች። ቀይ ዓይን ያለው፣ እጁን ዘርግቶ የሚመጣ። ከሥሩ ደግሞ ይሄን ጻፈች፦

አብረህ የጎረስክ ለት ከታማሚው ሳህን፣
አጥንትህን አስቀርቶ ይጨርሳል ሥጋህን።

ሰው ሁሉ ቆሞ አነበበው። ማንበብ የማይችለውም አስነበበ። እሷም ደስ ብሏት፣ ለዛሬው የሴቻ ስብሰባ ያንኑ ትልቅ አድርጋ ስላ፣ ጠቅልላ በብብቷ ይዛዋለች። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የጻፈችውን ቲቸር አለምሰገድ ሳያየው አታወጣም ነበር። የመጀመሪያውን ግን ካሳ ሲያጣድፋት ሳታሳየው ለጠፈችው። ቲቸር ደግሞ ወባ ይዞት የተኛ መስሏት ነበር።

"ወባ አይደለም እንዴ?" አለች፤ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ቀጠነ።

"ምን ወባ አለ ልጄ! ይኸው ከሳ፣ ከሳና... ያንቺን ሥዕል መሰለ።" እትዬ ጸዳለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ክፉ ሴት አይደሉም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ግቢያቸው ያለውን አንድ ክፍል ለመምህሩ እያከራዩ ነው የሚኖሩት፤ እሱንም ስንት ዓመት እንደ ወንድም አይተውታል። "አጣቢዋ ትታው ሄደች። ኩልፎ ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ የኔንም ልብስ ይሸሹታል። 'እሷ ጋ ነው ያለው' ይላሉ። እንግዲህ ምን ላድርግ? ቤቴን ይልቀቅልኝ ብዬዋለሁ።"

"የት ይሄዳል?"

"እኔስ የት ልሂድ? ሴቶቹ ቢተዉኝ እኔም በተውኩት።"

ኖላዊት አፏ የሚያርፍ ልጅ አልነበረችም፤ ክፍል ውስጥ "ሬዲዮ" ነበር የሚሏት።

"ልብሱን እኔ ባጥብስ?"

"እጠቢዋ፣ ማን ከለከለሽ? ብቻ ከሁሉም በታች፣ ሙዙ ጥግ ውረጂ። ማንም እንዳያይሽ።"

ክፍሉ ስትገባ ቲቸር አለምሰገድ ግድግዳ ተደግፎ አልጋው ላይ ተቀምጧል። አማርኛ ሊያስተምር ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ አርባ ምንጭ ውስጥ ዘመድ የለውም። ድሮ ክፍል ሲገባ ድምፁ ነበር ቀድሞት የሚገባው። አሁን የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱ ላይ ይዞራል።

"አምጪው፣ ይታይ" አላት ጥቅሉን እያየ።

"ይቅር ቲቸር።"

"ሳላየው የወጣው አንዱ አይበቃሽም?"

ያውቃል ማለት ነው። መሬት ዋጪኝ እያለች ወረቀቱን እግሩ ሥር ዘረጋችው። እሱም ድሮ የክፍል ሥራ እንደሚያርመው አጎንብሶ አየው። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

"እጁ ላይ ደክመሽበታል። ጣቶቹ ጥሩ ናቸው" አለ። "ለመሆኑ ይሄን ያየ ሰው ምን ያደርጋል?"

"ይፈራል።"

"ከዚያስ?"

"ይሸሻል።"

"ከማን?"

ውጭ እትዬ ጸዳለ ዕቃ ሲያንኳኩ ይሰማል።

"ሳህኑን ከየት አመጣሽው?"

"'ሥጋህን' የሚለው ነው ቀድሞ የመጣልኝ። ከዚያ ቤት የሚመታ ስፈልግ... ሳህን መጣ።"

ቲቸር ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነበት። ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቀችው።

"እኔም ስንቴ አድርጌዋለሁ" አላት። "ቤት ይምታልኝ ብዬ በሬ ነክቶ የማያውቀውን ሰውዬ ገበሬ አድርጌዋለሁ። የኔን ግን ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ አላገኘሁም።"

"ይቅርታ ያርጉልኝ፣ ቲቸር። ስሞት።"

"አትሙች፣ ስሚኝ ይልቅ። ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለሽ? አብሮ በመብላት አይተላለፍም። በልብስም፣ በመጨባበጥም አይተላለፍም። ይሄን ሳታሳምሪው፣ ቤት ሳትመቺ፣ እንዲሁ መናገር ትችያለሽ?"

"እንዲሁ ከተናገርኩት ማን ይሰማኛል?"

"እሱን አላውቅም" አለ።

ኖላዊት አንሶላዎቹንና ሸሚዞቹን ሰብስባ ሳፋ ውስጥ ከተተች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች።

"የማን ነው ቢሉኝስ?"

"ስሜን ጥሪው። ደብቂኝ አላልኩሽም።" ዓይኑን ጨፈነ። "ከፈራሽ ደግሞ ዝም በይ። አልቀየምሽም።"

ሳፋውን ተሸክማ ስትወርድ ሚኒባስ አጠገቧ ቆመ። ካሳ በመስኮት አንገቱን አወጣ። ክራቫት አስሯል።

"ኖላዊት! ወዴት ነው በሳፋ? ግቢ እንጂ፣ ሴቻ እየጠበቁን ነው! ሥዕሉስ?"

"አልደረሰም፣ ጋሽ ካሳ።"

"ትናንት ጨርሻለሁ አላልሽኝም እንዴ?"

"ተሳስቷል።"

"ምኑ ነው የተሳሳተው? አሪፍ ነው እኮ! ሕዝቡ እንዴት እንደፈራ አላየሽም?"

"አይቻለሁ" አለች። "እንደገና ነው የምሠራው። ዛሬ አልመጣም።"

"አይ የዘንድሮ ልጆች! ለሰው ክብር የላችሁም" አለና ሚኒባሱ ይዞት ሄደ።

ቅዳሜ ኩልፎ እንደ ገበያ ነው። ሴቶቹ በየድንጋያቸው ተደርድረው ያጥባሉ፤ ከላይ እስከ ታች የየራሳቸው ቦታ አላቸው። እትዬ ጸዳለ ያሏት ሙዝ ጥግ ከሁሉም በታች ነው፤ ቅጠሉ ሰው ይሸፍናል። እዚያ ለመድረስ በሁሉም ፊት ማለፍ አለባት። አንገቷን ደፍታ፣ ፈጠን ብላ ለማለፍ ነበር ሐሳቧ።

መሃል ላይ ግን የተቀመጠችው አገኘሽ ናት። አገኘሽ ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ እያመጣች ሲቀላ ገበያ የምትሸጥ፣ አፏም እጇም የማያርፍ ሴት ናት። እሷ ካየችሽ አለቀ።

"እንዴ! የቀበሌው ሰዓሊ ልብስ ማጠብም ታውቃለች?" አለች። ሴቶቹ ሳቁ። "ነጭ አንሶላ ብቻ ነው እኮ የያዘችው! ሠርግ አለ እንዴ? ማነው ባልየው?"

"ኧረ ባል የለኝም እታለም!" አለች ኖላዊት፤ እሷም ትንሽ ሳቀች።

"ታዲያ የማን ነው?"

"የቤታችን ነው" ማለት ይቻላል። አልፎ መሄድ ይቻላል። አፏ ላይ ቆንጆ ቆንጆ ነገር መጣ፣ ቤት የሚመታ ሁሉ መጣ። አንዱንም አላወጣችውም። ሳፋውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"የቲቸር አለምሰገድ ነው" አለች። "ኤድስ ይዞታል። ሥዕሉ ላይ ስለ ሳህን የጻፍኩት ውሸት ነው። አብሮ በመብላት አይተላለፍም። በልብስም አይተላለፍም።"

በዱላ ልብስ ስትመታ የነበረችው ሴት መምታቷን አቆመች። ከታች ያለችው ሴትዮ የልጇን ልብስ እርጥቡን ሰብስባ ተነሳች። ሌላዋም ተከተለቻት።

አገኘሽ ሳሙናዋን እንደያዘች ቀረች። "ውሸት ከሆነ ለምን ጻፍሽው?"

"ስላማረልኝ።"

አገኘሽ መጀመሪያ አንሶላውን፣ ቀጥሎ ልጅቷን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ልጇ አድርጋ፣ "ሙዙ ጋ ውረጂ የኔ እናት" አለቻት። "እዚያ ቦታ አለ። ሰው እንዳይቀየምሽ ነው።"

"እዚሁ ይሻለኛል፣ እታለም" አለች ኖላዊት።

ከአገኘሽ ቀጥሎ ባለው ባዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን አንሶላ ውሃው ውስጥ ዘረጋችው።