መሪጌታ ያሉባት ሳጥን

ድምፁን የሰማሁት ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። ጠቅ። ዝም። ከዚያ እንደገና ጠቅ፣ ጠቅ።

አማቴ መሪጌታ አካለ ወልድ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ እንደ ፎቶ ቀጥ ብለዋል። ካረፉ ነገ አርባቸው ነው።

ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለችው የኮምፒውተር ሳጥን፣ ሲፒዩዋ፣ ትንሽ ናት፤ ወፈር ያለ መጽሐፍ ብታህል ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ ነው ያገኘኋት። በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘኋት፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ ጨመርሁባት፣ ሳሎናችን ሲኒማ ቤት ሆነ። ማንም አላስተማረኝም። እየፈታሁ፣ እየገጠምሁ፣ ከሁሉ በላይ እየሰማሁ ነው የለመድሁት። የቤቱን ዕቃ ሁሉ በድምፁ አውቀዋለሁ። የተቀዳውን ሁሉ የሚይዘው ሀርድ ዲስክ እንዲህ ጠቅ ጠቅ ማለት ከጀመረ ምን እንደሚከተልም አውቃለሁ።

መሪጌታን ዲማ ድረስ ሄጄ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያዜሙ፣ በዘጠኝ ክፍል ቀርጫቸው ነበር። «በሕይወቴ እያለሁ ለማንም እንዳትሰጥ» አሉኝ፤ ውዳሴ ከንቱን ፈርተው። እኔም አደራቸውን ጠበቅሁና ወደዚች ሲፒዩ ገልብጬ ከስልኬ አጠፋሁት። ግልባጭ ካለ አንድ ቀን ይወጣል ብዬ ሌላ ቦታ አላስቀመጥሁትም። እንግዲህ ያ ድምፅ በዚህ ዓለም ያለው እዚች ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። ባለቤታቸው እማማ ወለተ ኪዳን ደግሞ ከዲማ በሚኒባስ እየመጡ ነው። ዓይናቸው ከጠፋ አምስት ዓመት አልፏል። «ድምፁን አንድ ጊዜ ልስማና» ብለው ነው የሚመጡት።

የሲፒዩዋ የውስጥ ማራገቢያ ጮኸ፤ ስክሪኑ ጨለመ። ተንበርክኬ ጆሮዬን ለጠፍሁባት።

ባለቤቴ አመተ ማርያም ከጓዳ ወጣች። «ደግሞ ጆሮህን ለጠፍህባት! እኔን አንድ ቀን እንዲህ አዳምጠኸኝ ታውቃለህ?»

ቀና አልሁ። ፊቴን ስታይ ሳቋ ጠፋ።

«አባዬ?»

«ዲስኩ እየሞተ ነው መሰለኝ።»

«ለእማዬ እንዳትነግራት። ልቧ አይችልም።»

ይህን ተባብለን ሳንጨርስ በሩ ተንኳኳ። እማማን አቅፈን ሶፋው ላይ አስቀመጥናቸው። እኔ ሲፒዩዋን መልሼ አስነሣኋት። ማራገቢያዋ ገና ሲጀምር እማማ በእጃቸው የያዙትን የዝንብ ጭራ ማወዛወዝ አቆሙ።

«ይኼ የሚያቃስተው ማነው?»

አመተ ማርያም በዓይኗ ለመነችኝ። እኔ ግን ጆሮ ላለው ሰው መዋሸት አልቻልሁም።

«እማማ፣ መሪጌታ ያሉባት ሳጥን ናት። ታማብኛለች። አሁኑኑ ላሰማዎት፣ ወይስ መጀመሪያ ወደ ፍላሽ ልገልብጠው? ሁለቱን ላታደርስልን ትችላለች።»

እማማ ከሶፋው ተነሡ። እየዳበሱ መጡና እጃቸውን ሳጥኗ ላይ አሳረፉ። ጣቶቻቸው ቆሙ።

«ይኼ የእኔ ዳንቴል አይደለም?»

«ነው እማዬ» አለች አመተ ማርያም። «አባዬ ያለባት ናት ብዬ፣ ካረፈ ጀምሮ አልብሻታለሁ። ድርብ አድርጌ፣ እስከ ታች።»

«ምነው ልጄ! ሕፃን እንኳ ስታስተኚ አፍንጫውን ትገልጪለት የለም? ትፋጃለች እኮ!»

ደነገጥሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያንን ዳንቴል አይቼዋለሁ። ክብር ነው ብዬ፣ ስትሠራ እንኳ አላነሣሁትም። ጆሮዬ ያንን ሁሉ ቀን የማራገቢያውን ልመና ሰምቷል፤ እኔ ግን እርጅና ነው ብዬ አለፍሁት።

ዳንቴሉን ገፈፍሁና አጠፋኋት። እስክትቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። እማማ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው በጭራቸው ያራግቡላታል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ነው።

«ገልብጠው» አሉ በመጨረሻ። «አርባ ቀን የጠበቅሁ ሰው ትንሽ ብጠብቅ ምን እሆናለሁ። ግን ከመጨረሻው ጀምር።»

«ለምን እማማ?»

«መጀመሪያ ላይ ሰው እንዳለ ያውቃል፤ ድምፁን ያሳምረዋል። ሲደክመው ነው ቤት ውስጥ እንደሚያዜመው የሚያዜመው።»

አስነሣኋትና ፍላሹን ሰክቼ ዘጠነኛውን ክፍል መገልበጥ ጀመርሁ። አለፈ። ስምንተኛው፣ ሰባተኛው። ስድስተኛው ላይ ጠቅታው ተመለሰ። ስክሪኑ ላይ የመገልበጡ ቁጥር አርባ በመቶ ላይ ቆመ፤ እኔም ትንፋሼን ይዤ ቆምሁ። እማማ ጭራቸውን አፈጠኑት፤ ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ። አምስት። አራት። ሦስተኛው ሲያልቅ አመተ ማርያም እጄን ጨብጣ ነበር። ሁለተኛው ግማሽ ሳይደርስ ሳጥኗ ሦስት ጊዜ ጠቅ አለችና ዝም አለች።

ደጋግሜ አስነሣኋት። ማራገቢያው ይዞራል፤ ዲስኩ አልመለሰልኝም።

«ስንት ቀረ?» አሉ እማማ።

«ሁለት።»

«ያ ለሰው ያዜመው ነው» አሉና ዳብሰው ዳንቴሉን አንሥተው፣ «እስቲ የኔን አምጣ» አሉኝ።

ፍላሹን በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። የደከመ፣ የሻከረ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። እማማ ዳንቴሉን ደረታቸው ላይ ይዘው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። አመተ ማርያም በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

እኔ ግን ዜማውን መስማት አልቻልሁም። ጆሮዬ ከዚያች ጣት ከማትሞላ ፍላሽ የሕመም ድምፅ እየተጠባበቀ ነበር። ፍላሽ ደግሞ አይሽከረከርም፣ አያቃስትም፣ ጠቅ አይልም። ሊሞት ሲል እንኳ አይናገርም።